ሁለት ዓይን፣ አንድ በረዶ

«እጅህን ከጠረጴዛው ላይ አንሳ!»

ለአዲሱ የሥራ ባልደረባዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረችው ቃል ይኸው ነበር። እንደምን አደርክ የለ፣ እንኳን ደህና መጣህ የለ... ፊቱን እንኳ አላየችውም። የሌዘሩ ክፍል ጨለማ ነው፤ ከኮምፒውተሩ ከሚወጣው ደብዛዛ ብርሃን በቀር ምንም የለም። አዲሱ ሰው ከኋላዋ ገባና፣ እንግዳ ሰው እንደሚያደርገው፣ ያገኘውን ተደገፈ። የተደገፈው ግን ከፀጉር የቀጠነ ብርሃን ለማስተካከል ጠዋቱን ሙሉ የለፋችበትን ጠረጴዛ ነበር።

«ይቅርታ... ምን ነካሁ?» አለ ድምፁ።

«ምን ያልነካኸው አለ? የጠዋት ልፋቴን ነዋ!»

«እሺ፣ አንስቻለሁ። ሁለቱንም!»

በጨለማው ውስጥ ሁለት እጁን እንደ ምርኮኛ ሰቅሎ መቆሙን ከጥላው አየች። ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው። በመጀመሪያ ቀን መሳቅ አያስፈልግም፤ ሰው ይለምዳል።

በዚያ ቤተ ሙከራ ቅጽል ስም የሌለው የለም። እሷን «ግፊት» ይሏታል። ሥራዋ ግፊት፣ ጠባይዋም ግፊት! በሁለት ጥቃቅን አልማዞች ጫፍ መሃል አንዲት ጠብታ ውሃና ጥቂት ሃይድሮጅን ታስገባለች፤ ብሎኖቹን ታጠብቃለች፤ አልማዞቹም መሃላቸው ያለውን ይጨምቁታል። ውሃው ሲጨመቅ ይረጋል። ሲረጋ ግን እንደ ፍሪጅ በረዶ ድፍን አይሆንም፤ ክፍል ክፍል ያለው ቤት ይሠራል። ሃይድሮጅኑ በየክፍሉ ይገባና በር ይዘጋበታል። ሃይድሬት የሚባለው ይህ በረዶ ነው።

እናቷ ይህንን ሁሉ በጥሞና ሰምታ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ልጄ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው በረዶ ለመሥራት ነው? ፍሪጅ አለን እኮ!»

«እማዬ፣ ይሄኛው በረዶ ነዳጅ ይይዛል። ቀን የተረፈውን የፀሐይ ኃይል ወደ ሃይድሮጅን ትቀይሪዋለሽ፤ በረዶው ውስጥ ታስቀምጪዋለሽ፤ ስትፈልጊ ሞቅ ታደርጊዋለሽ። ኃይልሽን ታገኛለሽ፣ የሚተርፍሽም ውሃ ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?»

እናት አንዳንዴ እንዲህ ናት፤ ቁስሉን ሳታየው ትነካዋለች። ችግሩ ግፊቱ ነበር። ብሎኑ ሲላላ ቤቱ ይፈርሳል፣ ሃይድሮጅኑም በኖ ይሄዳል። እንደዚያ ተጨንቆ የሚኖር ማስቀመጫ ደግሞ ለማንም አይሆንም። ግፊት ግን በሰው ሁሉ ፊት ቃል ሰጥታ ነበር። «እኔ የምሠራውን በረዶ በደንብ ካቀዘቀዝነው፣ ግፊቱ ተነስቶም እንግዳው ሃይድሮጅን ቤቱ ውስጥ ይቀራል» ብላለች። አንዳንዱ አጨበጨበላት፣ አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠላት። እሷ ለሁለቱም ግድ አልነበራትም። እንደሚሆን ታውቅ ነበር፤ የቀረው ማሳየት ነው።

ለዚህ ሥራ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋታል። ቤተ ሙከራው አንድ የማይጣስ ሕግ ነበረው፤ «ሁለት ዓይን» ይሉታል። ሌዘሩ በበረዶው ላይ ሲያርፍ፣ ኮምፒውተሩ ከሚመለሰው ብርሃን የሃይድሮጅኑን መስመር ያወጣል፤ መስመሩ ከቦታው ወደ ግራ ከሸሸ ሃይድሮጅኑ በረዶው ውስጥ ነው፤ በቦታው ከቆመ አምልጧል። ምን ያህል እንደሸሸ የሚፈርደው ግን የሰው ዓይን ነው። ስለዚህ ሁለት ሰው ያነባል። አይነጋገሩም፣ አይተያዩም። እያንዳንዱ ያየውን ቁጥር በማርከር መዳፉ ላይ፣ በጓንቱ ላይ ይጽፋል። ከዚያ መብራቱ ይበራና «አሳዩ!» ይባላል፤ ሁለቱም መዳፋቸውን ይዘረጋሉ።

በዚያ የመጀመሪያ ቀንም መብራቱ በራ።

«አሳዩ!»

እሷ አሥራ ሁለት ጽፋለች። እሱ ዘጠኝ።

ያኔ ነው ፊቱን ያየችው። ረጅም፣ ፀጉሩ ያልተበጠረ፣ ዓይኑ እርግት ያለ ሰው። ከፎቁ ከኬሚስትሪ ክፍል የተላከ ነው።

«ዘጠኝ? ደግመህ አንብበው እስቲ» አለችው።

«ብደግመውም ያው ነው። ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

«እኔ ይህንን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት ታውቃለህ?»

«ለዚህ ይሆናል የለመድሽውን ያነበብሽው።»

 የቤተ ሙከራው ኃላፊ ተጠሩ። ጋሼ ጥርጣሬ ነው ስማቸው፤ እሳቸውም ያውቁታል፣ ይኮሩበታልም። መነጽራቸውን ወልውለው፣ ስክሪኑ ላይ አጎንብሰው ቆዩና በጓንታቸው ላይ ጻፉ። ዘጠኝ!

ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። ግፊት ግን አዲሱን ሰው ከእግር እስከ ራሱ አየችውና «ነገ በጊዜ ና» አለችው። እስከዚያ ቀን አብረዋት ያነበቡት ሰዎች ወይ ይፈሯታል ወይ ያባብሏታል። የሚሟገታት ሰው ስትፈልግ ነበር የኖረችው።

*

እሱም ቅጽል ስሙን ለማግኘት አልዘገየም። ብሎን ሲያዞር ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው «ቀስ... ቀስ...» ይላል። «ቀስ በቀስ» ተብሎ ቀረ።

«ኧረ ፍጠን!» ትለዋለች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ያንተ እንቁላል ግን ይኸው ቁጭ እንዳለ ነው!»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውንስ ሰምተሻል?»

«እኔ አፍስሼ አላውቅም።»

«ባለፈው ሳምንት የተሰነጠቀውን አልማዝ ምን እንበለው ታዲያ?»

«እሱማ... ፈቅዶ ነው የተሰነጠቀው!»

በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ቆሞ አገኘች። ከታች በማርከር ሁለት እግር ተስሎለታል፤ ጫማ ሳይቀር፣ የጫማ ማሰሪያ ሳይቀር። አጠገቡ ማንም የለም። ብቻዋን እስኪያማት ሳቀች። እንቁላሉን በላችው፤ እግር ያለበትን ቅርፊት ግን መጣል አቃታት። በወረቀት ጠቅልላ ይዛው ቤቷ ገባች።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለች እናቷ።

«ቅርፊት ነው እማዬ።»

«ቅርፊት መሆኑንማ አየሁ። ማን ነው የሰጠሽ?»

«አንድ የሥራ ባልደረባ።»

«እንዴ! ለአንድ ባልደረባ ቅርፊት እንዲህ ጆሮሽ ድረስ ፈገግ ያልሽ፣ ሙሉውን ዶሮ ቢያመጣ ምን ልትሆኚ ነው?»

ወደደችው። ለራሷም አልደበቀችም፤ ግፊት የራሷን ነገር ከራሷ የምትደብቅ ሴት አይደለችም። ሲሟገታት ወደደችው። ከሥራ ሲወጡ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ጃንጥላውን ወደሷ አዘንብሎ ግማሽ ትከሻው ሲበሰብስ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ስለ ሃይድሮጅን ሲያወራ ወደደችው። እሱም እንደሚወዳት ከዓይኑ ታነባለች። ግን አይናገርም... ቀስ በቀስ ነዋ! «ይምጣ፣ በእግሩ ይምጣ» እያለች ጠበቀችው።

*

ከዚያ ያ ቀን መጣ።

በረዶው ተሠርቶ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ፣ ግፊቱ የሚነሳበት ቀን ነበር። ጊዜ አልነበራቸውም፤ መሣሪያው በቅርቡ ለሌላ ቡድን ይሰጣል። ብሎኖቹን እሷ አላላች፤ በሷ ፍጥነት። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አነበቡ። በጨለማው ውስጥ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል።

«አሳዩ!»

በሱ ጓንት ላይ ዜሮ። በሷም ጓንት ላይ ዜሮ። እንግዳው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል።

ግፊት አንድ ጊዜ ብቻ በረጅሙ ተነፈሰች። «በቃ፣ እንደገና እንሠራዋለን!» አለች፤ ጓንቷን አውልቃ እጇን ልትታጠብ ሄደች። እሱ ግን ከወንበሩ አልተነሳም። መዳፉን ዘርግቶ ዜሮውን ትክ ብሎ ያየው ነበር።

በሚቀጥለው የሥራ ቀን ስትገባ የሱ ካፖርት ከመስቀያው ላይ የለም።

«ከሙከራው ልውጣ ብሎ ጠየቀኝ» አሉ ጋሼ ጥርጣሬ። «ፈቀድኩለት።»

«መሣሪያው ሊወሰድብን አንድ ሙከራ ሲቀረን? ለምን አለ?»

«ምክንያቱን የሚናገረው እሱ ነው።»

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። ደረጃው መሃል ላይ ተገናኙ፤ እሱም ወደ ታች እየወረደ ነበር።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ልነግርሽ እየመጣሁ ነበር።»

«ለምን?»

«ካንቺ ጋር ማንበብ አልችልም።»

«ምን?»

«አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ... አልችልም። ቀስ ብለሽ ስሚኝ፣ ላስረዳሽ...»

«ቀስ? አሁንም ቀስ?» እሳት ለበሰች፣ እሳት ጎረሰች። «ዜሮ እስክታይ አብረኸኝ ነበርክ! ዜሮ ስታይ ካፖርትህን ይዘህ ወጣህ! ሰው ሁሉ ምን እንደሚል አታውቅም? የገዛ አጋሯ እንኳ አላመናትም ነው የሚለው!»

«እንደሱ አይደለም፣ ስሚኝ...»

«ሰማሁህ እኮ! አልችልም አልክ፤ በቃ፣ አትችልም!»

ስሟን ሲጠራ አልዞረችም። ዕንባዋ የወረደው የሌዘሩ ክፍል ውስጥ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ነው። ጨለማ በመሆኑ አመሰገነች።

*

ቤቷ ስትገባ በቀጥታ የእንቁላሉን ቅርፊት ወዳስቀመጠችበት መሳቢያ ሄደች። አወጣችው። ልትጥለው ቅርጫቱ ላይ ያዘችው... እጇ አልከፈት አለ።

እናቷ ድንች እየላጠች ቀና ብላ አየቻት።

«ያ ባለ እንቁላሉ ምን ሆነ?»

«ጥሎኝ ሄደ እማዬ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ሆነ ነገሩ። በሥራዬ አላመነም።»

«አላምንም ብሎ በአፉ ነገረሽ?»

«መናገር ምን ያስፈልገዋል? ገብቶኛል እኮ!»

እናቷ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እኔ ስለ በረዷችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው የገባኝ። ማታ ማታ ስትነግሪኝ፣ ብቻውን ያየ ሰው አይታመንም፣ ሌላው ያየውም ይታያል ትዪኝ የለ? ዛሬ ታዲያ ብቻሽን አይተሽ፣ ብቻሽን ጽፈሽ፣ ብቻሽን ፈርደሽ መጣሽ። የልጁ መዳፍ ምን እንደሚል አይተሻል?»

ግፊት ቅርፊቱን መልሳ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠች።

«እንኪ ቢላዋውን» አለች እናቷ። «እጅሽ ሥራ ይያዝ። ነገ ሄደሽ ትጠይቂዋለሽ።»

*

ጠዋት ወደ ኬሚስትሪ ክፍል ስትገባ ብልቃጥ እያጠበ ነበር። አየቻትና ውሃውን ዘጋ።

«ልጠይቅህ መጣሁ» አለች። «ትናንት ሳልጠይቅህ ነው የሄድኩት። አሁን ንገረኝ፣ አላቋርጥህም። ቢያቅተኝም እሞክራለሁ።»

ትንሽ ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ።

«ያን ዕለት መስመሩን አየሁት። ዜሮ ነበር፣ ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም። ማርከሩን አነሳሁ። አንቺ አጠገቤ ነሽ፤ ትንፋሽሽን እሰማለሁ። ምን ያህል እንደለፋሽ አውቃለሁ። እና እጄ... ቆመ። ዜሮ አልጽፍ አለ። ዓይኔ መስመሩን ወደ ግራ ሊገፋልሽ ፈለገ። ትንሽ፣ አንድ ቁጥር ብቻ...»

«ግን ዜሮ ነው የጻፍከው።»

«ያን ዕለት ዜሮ ጻፍኩ። በሚቀጥለውስ? ላንቺ ስል የሚዋሽ ዓይን ይዤ አጠገብሽ ብቀመጥ፣ በረዶሽ እውነት ሲሆን እንኳ ማን ያምንሻል? ሁለት ዓይን መሆናችን ቀርቶ ነበር። እኔ... እኔ ያየሁት መስመሩን ሳይሆን አንቺን ነው።»

የውሃው ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«ታዲያ ይሄንን ለምን ትናንት አላልክም?»

«ልል ነበር። አንቺ ደረጃ ወረድሽ።»

«ከትናንት በፊትስ? ከዚያ በፊትስ?»

«ሙከራው እስኪያልቅ ልጠብቅ ብዬ ነው። ቀድሜ ብነግርሽ እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ...»

«የኔ እጅ? የኔ እጅ ተንቀጥቅጦ አያውቅም!» ብላ እጇን ዘረጋችለት። ሁለቱም አዩት። እጇ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ሳቁ። መጀመሪያ እሷ፣ ከዚያ እሱ። ስትስቅ ዕንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

«አንድ ነገር በል» አለችው። «ዓይኔ ሊዋሽ ፈለገ ምናምን አትበለኝ። አጥር ሳትዞር በቀጥታ በል።»

«እወድሻለሁ።»

«ይኸው! ሞትክ?»

«አልሞትኩም።»

«እኔም እወድሃለሁ። አሁን ደግሞ ስለ በረዶዬ ንገረኝ። ይሆናል ብለህ ታምናለህ?»

እሱ ብልቃጡን አስቀመጠና አሰበበት፤ ይሄንንም ወደደችለት።

«ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ግን የኔ ማሰብ ዋጋ የለውም። ጋሼ ካንቺ ጋር ያንብቡ። የሳቸው ዓይን ለማንም አያዳላም።»

«ጋሼ ማንንም አይወዱማ!»

«ለዚህ ነው የሚበጁሽ። አንድ ነገር ልጨምር? ባለፈው ቤቱ የፈረሰው በረዶው ስላልቻለ አይመስለኝም። ብሎኖቹን ስታላዪ እንዳይሞቅ ሠግተሽ ቸኮልሽ። ናይትሮጅኑን እየጨመርሽ ያዢው፤ ብሎኖቹን ደግሞ...»

«ቀስ?»

«ቀስ።»

*

የመጨረሻው ሙከራ ጠዋት እሱ ኮሪደሩ ላይ ቀረ። ከሙከራው የወጣ ሰው ወደ ክፍሉ አይገባም። ግፊት ጓንቷን አጠለቀች፤ ጋሼ ጥርጣሬም ከአጠገቧ ተቀመጡ። ናይትሮጅኑ እንደ ጉም እየጨሰ ፈሰሰ። ብሎኖቹን ያዘች። እጇ አልተንቀጠቀጠም።

«ቀስ...» አለች ሳታስበው። «ቀስ...»

«ምን አልሽ?» አሉ ጋሼ በጨለማው።

«ለብሎኑ ነው ጋሼ።»

«እሺ፣ አይዞሽ። ለብሎኑም ንገሪው።»

ግፊቱ ወረደ። ወረደ... አለቀ። አሁን አልማዞቹ ምንም አልያዙም፤ በረዶው ብቻውን ነው። መስመሩ በስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ግፊት አየችው። ማርከሩን አነሳች፣ ያየችውን ጻፈች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ጋሼ ግን አልጻፉም። መነጽራቸውን ወለወሉ። ደግመው አዩ። እንደገና ወለወሉ። ከዚያ በኋላ ነው የማርከራቸው ድምፅ የተሰማው።

መብራቱን ራሳቸው አበሩት።

«አሳዪ።»

የሷ ሰባት። የሳቸው ስምንት።

«ስምንት?» አለች። «ጋሼ፣ ከኔ የበለጠ?»

«ያየሁትን ነው የጻፍኩት» አሉ ሽማግሌው። የሚናገሩት ከልባቸው ነበር። «ውስጥ ነው ልጄ። ግፊቱ የለም፣ እንግዳው ግን ከቤቱ አልወጣም። ካሰብሽው ያነሰ ነው የያዘው፤ ገና ብዙ ሥራ አለው። ግን ውስጥ ነው! መሣሪያው እዚሁ እንዲቆይልሽ አደርጋለሁ፤ ነገ ደግሞ ደግመሽ ታሳዪኛለሽ።»

«ነገም፣ ከነገ ወዲያም!»

በሩን ከፍታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሰው ከመቀመጫው ተነሳ። መዳፏን አሳየችው። ጋሼም ከኋላዋ መጥተው የራሳቸውን አሳዩት። ሁለቱን ቁጥሮች ተራ በተራ አያቸው፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ ሳቀ።

«ጠረጴዛ እንዳይሆን፣ የምትደገፈውን እየው!» አለችው።

ከኪሷ ሁለት ንጹሕ ጓንት አወጣች፤ አንዱን አጠለቀች፣ ሌላውን ሰጠችው። ማርከርም ሰጠችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«አንድ የቀረ ንባብ አለ። ዞር በል፤ መዳፌን እንዳታይ። እኔም አላይህም። በልብህ ያለውን ጻፍ።»

ጀርባ ለጀርባ ቆሙ። እሷ ወዲያው ጻፈችና ጨረሰች። እሱ ቆየ... ቆየ...

«ኧረ ፍጠን!»

«ቀስ... ጨረስኩ።»

«ጋሼ፣ ይበሉልን እንጂ!»

ጋሼ ጥርጣሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚያ ቤት ያን ቃል ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ ብለውታል፤ እንደዚያ ቀን ግን ድምፃቸው ሻክሮ አያውቅም።

«አሳዩ!»

በሱ መዳፍ ላይ «ታገቢኛለሽ?» ይላል።

በሷ መዳፍ ላይ «ቅዳሜ፣ እናቴ ቤት» ይላል።

ጋሼ ጎንበስ ብለው አንዱን አነበቡ፤ ሌላውንም አነበቡ። ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

«ንባባችሁ አልተስማማም» አሉ። «እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ቀን ቆርጣለች።» ከዚያ ኮስተር ማለቱ አቃታቸው። «ጥሩ ነው። ሁለት ዓይን ናችሁ። አምኛችኋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ አንድ መሣሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንብበው አያውቁም። እሱ ኬሚስትሪ ክፍል ሆኖ በረዶው ብዙ ሃይድሮጅን የሚይዝበትን መንገድ ይፈልጋል፤ እሷ ታች ሆና ትጨምቃለች። የሚጣሉት ምሳ ላይ ነው።

ቅዳሜ ዕለት የእናቷ ቤት በር ተንኳኳ። እናት ከፈተች። ፀጉሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያበጠረ አንድ ረጅም ሰው፣ እቅፍ ሙሉ እንቁላል ይዞ ቆሟል፤ እያንዳንዱ እንቁላል ከነጫማው። እናት እንቁላሎቹን አየች፣ ሰውዬውን አየች፣ ከኋላዋ ወደቆመችው ልጇ ዞረች።

«ነይ እይ ልጄ» አለች። «ይኸው፣ በእግሩ መጣ!»